የጣሳ አበባ ምን ይበላል? ከፑንት ቅርጫት እስከ ጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ

ባለፈው ዓመት በክፍላችን የደረሰውን ሳልነግራችሁ ወደ ታሪኩ ብገባ ጽሑፉ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። እዚህ ጅቡቲ ከተማ በምናስተምርበት ግቢ ተማሪዎቹ በባዶ የእርዳታ ዘይት ጣሳ አበባ ተክለው ነበር። አሥራ ስምንት ጣሳ ነው። ግማሾቹ ግድግዳውን ተጠግተው መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ ግማሾቹ በሽቦ ታስረው ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለዋል። በኅዳር አበቡ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያቸው ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግን ደከሙ፤ ቅጠላቸው ገረጣ፣ አዲስ እምቡጥ ማውጣት አቆሙ። አንዱ ተማሪ ዘመዱ የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ ከመኪናው ላይ የተጠረገ ዩሪያ በፌስታል ቋጥሮ አመጣ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና አውቃለሁ ብዬ "ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ አድርጉ" አልኩ።

በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። በሳምንቱ ከአሥራ ስምንቱ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ማዳበሪያው ስላላዳረሰ ነው የተረፉት። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ምግብ እንዴት ይገድላል?" አለችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ መልስ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ለሷ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከሩቁ እንጀምር። ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከአፈሩ ጋር በዕቃ አድርጎ፣ ከአገር አገር ማጓጓዝ መቼ ተጀመረ ብንል፣ ከምናውቃቸው ጥንታዊ ሥዕሎች አንዱ የሚያሳየን የኛኑ አካባቢ ነው። የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በሚሆነው ጊዜ ወደ ፑንት አገር መርከቦች ላከች። ፑንት ትክክለኛ ቦታው የት ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን ወደ ደቡባዊው የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ማለት ወደ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አካባቢ ያስጠጉታል። ሉክሶር አጠገብ ዴር ኤል ባሕሪ በሚባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ጉዞው ተቀርጿል። ሰዎች የዕጣን ወይም የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት አድርገው፣ ቅርጫቱን በእንጨት ላይ አንጠልጥለው፣ ከፊትና ከኋላ ተሸክመው ወደ መርከብ ሲገቡ ይታያል። በጽሑፉ ላይ የተቆጠሩት ዛፎች 31 ናቸው። እነዚህ ዛፎች በዚያ ሁሉ ቀን ባሕር ላይ ምን ጠጡ፣ ምን በሉ? ግድግዳው አይናገርም። ቅርጫቱ ውስጥ ያለችውን አፈር ይዘው ነው የሄዱት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመት የሰው ልጅ ተክል ተሸከመ፣ አጠጣ፣ ፍግ ደፋ፤ ተክሉ ከአፈሩ ውስጥ በትክክል ምን እንደሚወስድ ግን አላወቀም። ጥያቄውን በዕቃ ውስጥ በተተከለ ተክል የሞከረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራሰልስ ሰው ነበር። በትልቅ ዕቃ ውስጥ በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ፣ ማለት 90 ኪሎ ገደማ አፈር መዝኖ ጨመረ። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለባት። አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏን ነቅሎ ሲመዝናት 169 ፓውንድ ሆናለች። አፈሩን መልሶ አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው ሁለት አውንስ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 57 ግራም። "እንግዲያው ዛፍ የሚሠራው ከውሃ ነው" ብሎ ደመደመ። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 ነው።

መምህራን፣ ይህን ሙከራ ለክፍላችሁ ንገሩና ስህተቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ሰውየው ሁለት ቦታ ነው የሳተው። አንደኛ፣ ዛፏ አብዛኛውን አካሏን የሠራችው ከውሃው ጋር ከአየር በወሰደችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ አየርን አልመዘነም። ሁለተኛው ለኛ ነገር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ያቺን ሁለት አውንስ የሚዛን ስህተት ናት ብሎ ናቃት። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙ፣ ብረቱ ያለው እዚያች ውስጥ ነበር። 74 ኪሎ እንጨት ለመሥራት ከአፈር የተወሰደው ያቺ ሁለት አውንስ ብቻ ናት። የኔ እፍኝ ዩሪያ ከዚህ አንጻር ምን እንደነበረ ኋላ እናሰላለን።

ነገሩ በጀርመኖች እጅ ነው የጠራው። ካርል ሽፕሬንግል በ1820ዎቹ፣ ከሱ ይበልጥ ስሙ የገነነው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ደግሞ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተክል ከአፈር የሚወስደው ማዕድን መሆኑን፣ ዕድገቱንም የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ማዕድን መሆኑን አስረዱ። አስተማሪዎች ይህን በእንጨት በርሜል ሥዕል ያስተምሩታል። የበርሜሉ ጣውላዎች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ውሃው የሚቆመው ከአጭሩ ጣውላ ላይ ነው፤ ሌሎቹን ብታስረዝም ምንም አይጨምርም። የኛ አበቦች አጭር ጣውላቸው የቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው እኔ አንዱን ጣውላ ሰማይ ያደረስኩት።

ከ1840 በኋላ ማዳበሪያ የዓለም ንግድ ሆነ። መጀመሪያ ጓኖ መጣ። ጓኖ ማለት በፔሩ ዳርቻ በቺንቻ ደሴቶች ላይ ዝናብ ስለሌለ ለዘመናት ሲቆለል የኖረ የባሕር ወፍ ኩስ ነው። ብዙውን ከቻይና በውል ስም የመጡ ሠራተኞች ነበሩ የቆፈሩት፤ ኑሯቸው ከባርነት እምብዛም አይለይም ነበር። ያ ሲያልቅ ዓለም ወደ አታካማ በረሃ ናይትሬት ዞረ፤ ቺሊ፣ ፔሩና ቦሊቪያ ከ1879 ጀምሮ ለዚያ በረሃ ተዋጉ። ከዚያ ፍሪትዝ ሀበር በ1909 ናይትሮጅንን በቀጥታ ከአየር አውጥቶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ፋብሪካ አደረገው፤ በ1913 ኦፓው በሚባል የጀርመን ከተማ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ዩሪያ የምንለው ነጭ ፍሬ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ይኸው ሀበር በ1915 የክሎሪን ጋዝ በጦር ሜዳ እንዲለቀቅ የመራ ሰው ነው። የዓለምን ሕዝብ እንጀራ ካበዙት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፣ በመርዝ ጋዝ ጦርነት ከጀመሩትም አንዱ እሱ ነው። ተማሪዎቼ "ታዲያ ጥሩ ሰው ነው መጥፎ?" ብለው ሲከራከሩ ደወል ተደወለ፤ እኔም ደወሉን አመሰገንኩ።

አሁን ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ከተማዋ ራሷ እንደ ጣሳ አበባ ናት ብል አጋነንክ አትበሉኝ። ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነሥተው እዚህ መስፈር የጀመሩት በ1888 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ወደዚህ ዞረ። የመጡት ለወደቡ እንጂ ለአፈሩ አይደለም። ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ የምንላቸው ሰፈሮች የቆሙት በኮራል ድንጋይ ላይ ነው፤ አሮጌዎቹ ቤቶችም የተሠሩት ከዚሁ ከባሕር በወጣ ድንጋይ ነው። በመካከላቸው ያለው ጨው ያለበት ረግረግ እየተደለደለ ነው ከተማ የሆነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ቢልክ የሚያገኘው ኖራና ጨው ነው።

ለምለም ነገር የነበረው በስተ ደቡብ፣ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ተምርና አትክልት ተተከለ። ብዙዎቹ አትክልተኞች ከየመን የመጡ ነበሩ። የወንዙ ደለል ከተማዋ ያላት ምርጥ አፈር ነው፤ ዛሬም አበባ በጣሳ የሚተክል ሰው አፈር የሚያስመጣው ከዚያ አቅጣጫ ነው። ይኸው ወንዝ በ2004 ሚያዝያ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ ለምለም ያደረገውም የሚያጠፋውም እሱ ነው።

የቀረውን ምግብ ያመጣው ባቡሩ ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከዚህ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ፍራፍሬው፣ ጎመኑ፣ ጫቱም በሱ ወረደ። ይህ መስመር ሲቋረጥ ከተማዋ ምን እንደምትሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታየ። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ የጅቡቲ አስተዳደር ከቪሺ መንግሥት ጋር ወገነ፤ እንግሊዞች በባሕር ዘጉት፤ በ1941 ጣሊያን ከኢትዮጵያ ሲባረር ደግሞ በየብስም ተዘጋ። ረሃብ ገባ። ትኩስ አትክልት ከመጥፋቱ የተነሣ ሰው በስከርቪ ታመመ፤ ስከርቪ ማለት ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰው ድዱ የሚደማበት በሽታ ነው። የአገሩ ሰው ያን ጊዜ "ካርሚ" ብሎ ጠራው ይባላል፤ በደኅናው ቀን ለከብት የሚሰጥ የማሽላ ዓይነት ስም ነው፤ ያኔ ሰው በላው። መዘጋቱ ያበቃው በ1942 ታኅሣሥ አስተዳደሩ ወደ ነፃ ፈረንሳዮች ወገን ሲዞር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡገንቪላ አንድ ነገር ላንሳ፤ ጅቡቲና ድሬዳዋ ያለ ቡገንቪላ አይታሰቡምና። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1767 የፈረንሳዩ መርከበኛ የቡገንቪል ጉዞ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደርስ፣ የዕፀዋት ሊቁ ፊሊበር ኮመርሶን መዘገባት፣ በአለቃውም ስም ተጠራች። ከኮመርሶን ጋር እንደ ወንድ ለብሳ የተጓዘች ዣን ባሬ የምትባል ረዳት ነበረችው፤ ኋላ ዓለምን በመርከብ የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ተመዘገበች። ሴት ተማሪዎቼ ከጽሑፉ ሁሉ የወደዱት ይህን ነው። ለአበባ ተካዩ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ ሐምራዊው ነገር የአበባው ቅጠል አይደለም፣ ቀለም የለበሰ ተራ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መካከል ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ናት። ቡገንቪላ ሥሯ ጠበብ ሲልባትና ናይትሮጅን ሲያንሳት ነው የምታምረው። ዩሪያ ሲበዛባት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ታወጣለች። በየግቢው "ያምራል ግን አያብብም" የሚባለው ቡገንቪላ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ የተቀለበ ነው።

ታዲያ ዩሪያው ከየት መጣ? የኢትዮጵያ ገበሬ ከማዳበሪያ ጋር በሰፊው የተዋወቀው ከ1967 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሙከራ ተጀመረ፣ በአርሲም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ተቋቋመ። ዳፕና ዩሪያ የሚሉት ቃላት እንደ አማርኛ ሆኑ። እስከ 1998 ድረስ ዕቃው በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የማዳበሪያ መርከብ እዚህ ይደርሳል፤ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይታሸግና ወደ ጎጃም፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ሸዋ ይሄዳል። በከተማችን መንገድ ላይ ተሰልፈው የምናያቸው ከባድ መኪኖች የሚያልፉት አንዳንዴ የአንድ ወረዳ ሙሉ መኸር ጭነው ነው።

ጆንያው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ዩሪያ 46 ከመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ዳፕ 18 ከመቶ ናይትሮጅንና 46 ከመቶ ፎስፌት አለው። ከ2014 ገደማ ጀምሮ ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ የሚባለው ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ይዟል። ሦስቱም ጋ የሌለው ፖታሲየም ነው። የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም ተብሎ ለረጅም ዓመታት ስለታመነ ነው ያልተጨመረው። ለስንዴ ይህ ይሠራ ይሆናል፤ በጣሳ ውስጥ ያለ አበባ ግን አርሲ መሬት ላይ አይደለም፤ ለማበብ ከሚፈልጋቸው ዋና ነገሮች አንዱ ፖታሲየም ነው።

የሚገርመው ፖታሲየሙ ያለው ጎረቤታችን መሆኑ ነው። ዳሎል፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው የአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ የፖታሽ ክምችት አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቆፍሯል፤ በ1918 ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ወደዚያ አቅጣጫ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ጦርነቱ አልቆ የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ሲመለስ ሥራው ቆመ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ተሞክሮ እንደገና ቀረ፤ በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኩባንያ መጣና ሄደ። በ2017 የተመረቀው የታጁራ ወደብ ሲሠራም አንዱ የታሰበለት ነገር የኢትዮጵያ ፖታሽ መውጫ እንዲሆን ነው። መቶ ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ ይወጣል" የሚባልለት ማዕድን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቆቃ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የኔን ስህተት ያሳየኝ የቆቃው አሠራር ነው። ኢትዮጵያ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ጽጌረዳ በብዛት ወደ ውጭ መላኳን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው በቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች የተቆረጠ አበባ ሳይሆን ቁርጥራጭ ችግኝ እንደሚልኩ ነው። የጀራኒየም፣ የፔቱኒያና የመሳሰሉት ጫፍ ሥር ሳያወጣ ይቆረጥና በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል፤ እዚያ ሥር ይሰድና በፀደይ በተንጠልጣይ ቅርጫትና በመስኮት ሣጥን ይሸጣል። አምስተርዳም ወይም ፍራንክፈርት በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ የምታዩት አበባ እናቱ የሸዋ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

በእንዲህ ዓይነት እርሻ እናቲቱ ተክል የምትኖረው ብዙ ጊዜ በዕቃ ውስጥ ነው፤ አፈሩም አፈር አይደለም፣ ብዙ ቦታ ቀይ አሽ ነው፣ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ምግብ የሌለው ጠጠር። ምግቡ የሚመጣው በቀጭን ቱቦ፣ ከውሃው ጋር ተበጥብጦ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጠብታ ነው። በአንድ ጊዜ እፍኝ ማዳበሪያ የሚሰጥ ሰው የለም። ጤፍ ማሳ ላይ እፍኝ በትነን ያደግን ሰዎች ይህ ቶሎ አይገባንም። የማሳ ተክል ሥሩን ሰድዶ ይፈልጋል፣ ከበዛበት ይሸሻል፣ ዝናብም ያጥብለታል። የጣሳ ተክል መሄጃ የለውም።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ እንመልስ። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው። ሥር ውሃ የሚጠጣው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውጪው ይልቅ ስለሚወፍር ነው፤ ኦስሞሲስ የምንለው። ውጪው ከሥሩ ይበልጥ ጨዋማ ከሆነ ውሃው ተመልሶ ከሥሩ ይወጣል፤ ተክሉ እርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል። ዩሪያ ደግሞ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ሲፈርስ አሞኒያ ይለቃል፤ ያም ሥር ያቃጥላል።

ሂሳቡንም በሰሌዳ ላይ ሠራነው። ለገበሬ የሚመከረው ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ነው። የጣሳችን አፍ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 0.0225 ካሬ ሜትር ነው። ድርሻው 0.225 ግራም፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ። የኔ እፍኝ 40 ግራም ገደማ ትሆናለች። ከ170 እጥፍ በላይ! ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "ቲቸር፣ ገበሬ ብትሆን ኖሮ አገር ታቃጥል ነበር" አለ። ሳቁ እስከ ውጪ ተሰማ።

ዘንድሮ እንዲህ እያደረግን ነው። እዚህ አበባ የሚያብብበት ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ካምሲን የሚባለው ሙቅ ነፋስ በሚነፍስበት በጋ ተክሉ በሕይወት ቢቆይ ይበቃል፣ ያኔ ምንም አንመግብም። በወቅቱ ግን በየሳምንቱ አንድ ቀን ትንሽ ምግብ እንሰጣለን፦ በ10 ሊትር ጀሪካን ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዩሪያው ፈንታ አንድ የሻይ ማንኪያ ዳፕ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ። አፈሩ ቀድሞ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ አፈር ላይ ምግብ አይፈስም። ለቡገንቪላ ዩሪያውን እንተዋለን። ለፖታሲየም የፍየል በጠጥ እንጠቀማለን፤ በረት ዳር የከረመ በጠጥ በባልዲ ውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ይቀጠናል። ልጆቹ "የፍየል ሻይ" ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ነው፤ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይም አናፈስሰውም። አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ መምህራን ለበጠጥ ከኛ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ።

አመድ እንዳትጨምሩ። እናቶቻችን ጓሮ ላይ አመድ ሲደፉ ስላየን ይጠቅማል ብለን እናስባለን፤ ወለጋ ቢሆን እውነት ነው፣ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ። እዚህ አፈሩም ውሃውም ኖራ የበዛበት ስለሆነ አመድ ያብሰዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ካያችሁ፣ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ መውሰድ ስላቃተው ነው፤ ብዙ ሰው ተርቧል ብሎ ዩሪያ የሚጨምረው ያኔ ነው።

ትልቁ ክርክር ግን የውሃ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ስናጠጣ አዩንና "ለአበባ? እኛ በጀሪካን እየተሰለፍን?" አሉ። ትክክል ናቸው። የዚህ ከተማ ውሃ ለብዙ ዓመታት ከአምቡሊ አካባቢ ጉድጓዶች የሚወጣ ጨው ያለበት ውሃ ነበር፤ በ2017 ከኢትዮጵያ ከሐደጋላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣ የቧንቧ መስመር ተመረቀ፤ በየሰፈሩ ግን ሰው አሁንም ይሰለፋል። ስለዚህ ሩዝና ምስር የታጠበበትን ውሃ ነው የምናጠጣው፤ ጨው የገባበትን የዕቃ ማጠቢያ አይደለም። ችግሩ ማጠቢያው ነው፤ የተጠራቀመው ጨው እንዲወጣ በወር አንድ ጊዜ ጣሳው በታች እስኪፈስ ንጹሕ ውሃ መውረድ አለበት። ያን የሚያህል ውሃ ከየት ይምጣ?

መልሱን ያገኘችው ያቺው የስድስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ከቢሮው ጀርባ "ክሊማው" ቀኑን ሙሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ያ ውሃ ከአየር እርጥበት የመጣ ስለሆነ ጨው የለውም ለማለት ይቻላል፤ ለመጠጥ አይሆንም፣ ጣሳ ለማጠብ ግን ከቧንቧው ይሻላል። አሁን ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጠናል። በመስከረም ሙቀት በቀን ይሞላ ነበር፤ በጥር ክሊማው ስለሚጠፋ አስቀድመን አራት ጀሪካን ሞልተን ጥላ ውስጥ አቁመናል። ከጣሳዎቹ በታች የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ ጨው ለሚችለው ለግቢው ተምር እናፈስሰዋለን። ከአሥራ ስምንቱ ጣሳ ዛሬ አሥራ አራቱ አብበዋል፤ ሁለቱን ፍየል በላቸው።